ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር

«ለአንድ ቀን ነው፤ ልብሱን አጥባችሁ ትመልሱታላችሁ» ስትል የሰማኋት እትዬ አምለሰትን ነው፣ የአጎቴን ሚስት። እኔ መጋረጃው ጀርባ ድንች እየላጥሁ ነበርና ለሠርግ የሚሆን ቀሚስ ልታውሰን መስሎኝ፣ ይህች ሴት ዛሬ ምን ዓይነት ቸርነት ወረደባት ብዬ ቢላዋዬን አቆምሁ። ኋላ ነገሩ ሲፍታታ ልብሱ ማሸጊያ ነው። የምትዋሰው ልጅ ናት። ልጅቱ ደግሞ ታናሽ እኅቴ ያምሮት።

ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የግል ትምህርት ቤት አለ። ሙሉ ስሙን ለመጥራት ትንፋሽ ስለማይበቃ ሰዉ «ኢንተርናሽናሉ» ብሎ አሳጥሮታል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት ፈረንጅ ከነልጆቹ ይጎርፋል ተብሎ ነበር የተሠራ፤ ፈረንጁ ሲቀር የእህልና የበርበሬ ነጋዴ ልጆች ገቡበት። የአጎቴ የጋሼ አለበል ልጅ ትሕትናም እዚያ ነው አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ «ዲፕሎማ» የሚሉትን ሥርዓተ ትምህርት ሊጀምር አስቧል። አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን በእሱ የጨረሰ ልጅ ፈተናው ባሕር ማዶ ይታረምለትና የአገሩን ፈተና ሳይነካ በፈለገው አገር ዩኒቨርሲቲ ይገባል አሉ። ይህ እንዲፈቀድ ግን ገምጋሚ መጥታ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ልጆቹን ማነጋገር አለባት፤ መከራው እዚህ ላይ ነው። ትሕትና ሰነፍ አይደለችም፤ እንግዳ ሰው ሲያያት ግን ምላሷ ይታሰራል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ይሄይስ አጎቴን ጠርቶ ልጅቱ ያን ቀን «ብታርፍ» እንደሚሻል፣ ወንበሯ ግን ባዶ መሆን እንደሌለበት፣ የክፍሉ ልጆች ጥቂት ስለሆኑ አንድ ሲጎድል ጥርሱ እንደወለቀ አፍ እንደሚያስጠላ አጫውቶታል። እንግሊዝኛ የሚያወራ ዘመድ ጠፍቶ ነው ወይ ሲባል፣ ትዝ ያልናቸው እኛ ነን።

እናቴ ዝም አለች። በወንድሟ መጋዘን በርበሬ ስትቀነጥስ የምትውል ሴት ናት፤ ዝምታዋ ሥራዋን የማጣት ፍርሃት ይሁን ሌላ አይታወቅም። እኔ ግን ከመጋረጃው ወጥቼ፣ እኅቴን እንደ ወንፊት ለጎረቤት አናውስም አልሁ። እትዬ አምለሰት አላየችኝም፤ አሥራ ሁለተኛን ወድቄ ፎቶ ኮፒ ቤት ከገባሁ ወዲህ እኔን ሳያዩ ማለፍ ለምዳለች። ወደ እናቴ ዞራ ድምፅዋን አለሰለሰችና «ወንፈል ነው በይው፣ ወለተ። በእኛ መካከል ሌላ ምን ስም አለው?» አለቻት።

ይህን ቃል ባታነሣው ይሻላት ነበር። እኛ ከሽንዲ ነን፤ እትዬ አምለሰትም ብትሆን አሁን በሶፋ ላይ ብትቀመጥ የዚያው አገር ልጅ ናት። አባቴ ገብረሰንበት ዛሬም እዚያው ነው የሚያርስ፤ እኛ ለትምህርት ተብለን ቡሬ አንዲት ክፍል ተከራየን። በእኛ አገር ዛሬ አንተ ታርስልኛለህ፣ ነገ እኔ አጭድልሃለሁ፤ የቀን ዋጋው ቀን ነው፣ የጉልበትም ጉልበት። ወንፈል በልቶ ያልመለሰ ሰው ቢታመም እንኳ ጠያቂው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ በሩቁ ያልፋል። እናቴ ቃሉን ስትሰማ አንገቷን ቀና አደረገችና፣ እንግዲያው ልጅቱን ጠይቋት አለች።

ያምሮት ከበሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ይህች ልጅ ቄሱ ንስሐ ሲሰጧት ለምን ሦስት ቀን ሆነ፣ ለምን አራት አልሆነም ብላ የጠየቀች ናት። አሁንም ስለ ክብሯ አልተጨነቀችም። «ማይክሮስኮፕ አላቸው?» አለች። እትዬ አምለሰት ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ሁሉም አላቸው ብላ መለሰች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለታችን አጎቴ ቤት ሄድን። ልብሱን እኛ ቤት መልበስ ክልክል ነው፤ በርበሬ ይሸታል ተብሏል። እውነት ነው፣ ይሸታል፤ ግን የአጎቴ ሶፋ፣ የአጎቴ ማቀዝቀዣ፣ ግድግዳውን የሸፈነው ቴሌቪዥንም ከዚያው በርበሬ ነው የመጡ፤ ሽታው እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚውጠው ነው ያልገባኝ። ሶፋው ላስቲኩ አልተነሣለትም፤ በተቀመጥሁ ቁጥር ይጮሃል። እትዬ አምለሰት ወጣ ገባ እያለች የሻዩን ስኳር አነሰ በዛ ትለኛለች፤ የቲማቲም መወደድ ታወራኛለች፤ ስለ ነገሩ ግን አንዲት ቃል አትተነፍስም። በተከፈተው በር ትሕትናን አየኋት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ያምሮት የእሷን ሸሚዝ፣ የእሷን ጉርድ፣ ዓርማ የተሰፋበትን የእሷን ኮት ስትለብስ ታያለች። የያምሮት የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ሰማያዊ ሹራብ፣ ክርኑ የተጣፈው፣ ከአጠገቧ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እነዚህ ልጆች እኩያ ናቸው፣ የእኅትና የወንድም ልጆች ናቸው፤ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ካልሆነ አይገናኙም። ኮቱ በትከሻው ልክ ሆነ። ሁለቱም ይህን አዩ። በመጨረሻ ትሕትና ተነሥታ ስሟ ያለበትን የአንገት ካርድ አጠለቀችላትና፣ «ወንበሬ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ከረፍት በፊት ፀሐይ ፊትሽን ይመታሻል፣ ያን ጊዜ ወደ ግራ ዘንበል በይ» አለቻት። በግ ሸጦ ገመዱን አብሮ የሚሰጥ ሰው ትዝ አለኝ።

እኔ የሄድሁት በቤተሰብ ስም ነው። አጎቴ ቀርቦ ቢጠየቅ እንግሊዝኛ ያጥረዋል፤ እትዬ አምለሰት ደግሞ እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ራሷን ያማታል። ባጃጅ ጠራሁና ዋጋ ስጠይቅ ልጁ የያምሮትን ኮት ከላይ እስከ ታች አየውና «ኮንትራት መቶ ሃምሳ» አለኝ። ትናንት መቶ አልነበረም ወይ ስለው «መቶ የመንግሥቶቹ ነው፤ ኢንተርናሽናል መቶ ሃምሳ ነው» አለ። ደረጃ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከቡሬ ባጃጅ ይጀምር። ያምሮት መንገዱን ሁሉ ካርዱን እያገላበጠች ታየዋለች። ፎቶ የለውም፤ ስም ብቻ ነው። «እታለም፣ የምጠየቀውን ባላውቅስ?» አለችኝ። የማታውቂውን አላውቅም በይ አልኋት። «አለማወቄ የእኔ ይሆናል ወይስ የትሕትና?» አለች። ሹፌሩ በመስተዋቱ እያየን ነበር።

በሩ ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ «ከዞኑ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች በደረጃ አንደኛ» ይላል። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ሁለተኛ የወጣው የት ነው የሚገኝ ብዬ ዘበኛውን ቂርቆስን ጠየቅሁት። «ሁለተኛው ገና አልተሠራም» አለኝ፣ ሳይስቅ። ከዚያ በፊት በነበሩት ምሽቶች በስልኬ ስፈልግ ነበርና የዲፕሎማ ትምህርት ቤቶችን የዓለም ደረጃ አይቼዋለሁ። የሲንጋፖሩ፣ የጄኔቫው፣ የለንደኑ፤ አማካይ ውጤታቸው ተደርድሮ፣ አንዱ ከሌላው በነጥብ ተቀዳድሞ፣ እንደ ሩጫ። ያስቀናል። ያስገርማልም። ገጹን ወደ ታች፣ ወደ ታች ብወስደው ቡሬ የሚል አጣሁ፤ ጣቴ ደከመና ተውሁት።

ወላጆቹን ከክፍሉ ኋላ በተደረደሩ ወንበሮች አስቀመጡን። አዲስ ቀለም ይሸታል። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እዚሁ ይማራል፤ እሳቸው ራሳቸው ደብር ላይ ቅኔ ያስተማሩ፣ ጥምጥማቸው የማይነቃነቅ ሰው ናቸው። ገምጋሚዋ ስትገባ ተነሡላት። ከናይሮቢ የመጣች ናት፤ ጠጉሯን አጭር አድርጋ የተቆረጠች፣ ጫማዋ ጠፍጣፋ፣ አቶ ይሄይስ የሚላትን ሁሉ እየሰማች ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ የሚዞር ሴት። መሪጌታ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብለው፣ ልጄ እንግሊዝኛ ታውቂ የለ፣ መምህሯ ማን እንደነበሩ ጠይቂልኝ አሉኝ። እኔ ስቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነው። በእኛ ዘንድ አንድ የቅኔ ቤት ስንተኛ ወጣ አይባልም፤ መምህሩ ከማን ተማረ፣ ያም ከማን ተማረ ይባላል፣ ዘር እየተቆጠረ እስከ ላይ ይኬዳል። በአክብሮት ጠየቅኋት። ሴትዮዋ ወደ መሪጌታ ዞረች። ከዚያ እንደ ልጅ ፈገግ ብላ፣ መንደሯ ውስጥ በዛፍ ሥር ፊደል ያስቆጠሯትን አንዲት ሴት ስም ጠራች፤ ይህን ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ ነገረችኝ። መሪጌታ ስሙን ደግመው ደግመው አሉትና፣ ደኅና ነው፣ ሥር አላት ብለው ተቀመጡ። ለእሳቸው ግምገማው ያኔውኑ አልቋል።

ያምሮት ከመስኮቱ ሥር ናት። ጀርባዋን ነው የማየው። አንገቷ ዙሪያ የሰው ስም ያለበት ገመድ አለ። ሴትዮዋ ስለ ዲፕሎማው ትንሽ ተናገረች፤ ፈተና ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚያውቁትን ነገር በምን እንዳወቁት መመርመር ራሱ አንድ ትምህርት እንደሆነ ነገረቻቸው። እኔ ወንበሬ ጫፍ ላይ ደረስሁ። ይህን የመሰለ ትምህርት በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ማታ ማታ በራሴ የማደርገው፣ እናቴ «ከራስሽ ጋር ክርክር ተይ» የምትለኝ ነገር ነው። ከዚያ ጠየቀቻቸው። አንድ የምታውቁትን ነገር ንገሩኝ፤ በምን እንዳወቃችሁትም ንገሩኝ። ከፊት ያለው ልጅ ብድግ ብሎ ምድር ክብ ናት አለ። በምን አወቅህ ብትለው መምህራችን ነገሩን አለ። ሌላዋ ዓባይ ከግሽ ይመነጫል አለች፤ እሷስ በምን አወቀች ሲባል ከጸበሉ ጠጥቻለሁ ብላ ክፍሉን አሳቀችው። አቶ ይሄይስ ግን አልሳቀም፤ የእኅቴን የአንገት ካርድ አንብቦ «ትሕትና» ብሎ ጠራት።

ያምሮት ተነሣች። እንግሊዝኛዋ የእኔ እንግሊዝኛ ነው፤ ከራዲዮና ከተቀደዱ መጻሕፍት ለቅሜ የሰጠኋት፤ አንዳንዱ ቃል ላይ የሽንዲ ዳገት አለበት። ቀስ ብላ እንዲህ አለች።

«አንድ የማውቀውም የማላውቀውም ነገር አለ። ከረፍት በፊት ፀሐይ ይህን ወንበር ይመታል ተብያለሁ። የነገረችኝ ልጅ ውሸት አታውቅም፤ ስለዚህ አውቃለሁ። ፀሐዩን ግን ገና አላየሁትም፤ ስለዚህ አላውቅም። ትንሽ ከጠበቅን ሁላችንም እናውቀዋለን።»

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ደስ እንዳላት ከፊቷ ይነበባል፤ ግን የተማረ ሰው ደስታ ጥያቄ ይወልዳል። «ወንበሩ ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለቻት።

አቶ ይሄይስ ከረባቱን ያዘ። ወላጆቹ ጥያቄው ባይገባቸውም የከረባቱ አያያዝ ገብቷቸዋል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የተውሶ ልጅ ያመጣው አጎቴ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከፊቴ ያለች አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያምሮት ዘወር ብላ አየችኝ። ምን ልበላት? አንድ ቃል ብትዋሽ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል፤ እሷም ዛሬውኑ ኮቱን አውልቃ ትመልሳለች፤ እዚህ የተናገረችው ሁሉ በሌላ ሰው ስም ተጽፎ ይቀራል። እውነቱን ብትናገር የትሕትና ሁለት ዓመት፣ የአጎቴ ክብር፣ የእናቴም እንጀራ ይነካል። ቅንድቤን እንኳ አላነሣሁም። እንግሊዝኛ ሳስተምራት ስለ ውሸት የሚያወራውን ምዕራፍ ዘልለነው ኖሯል።

«ዛሬ ነው የተቀመጥሁበት» አለች ያምሮት።

ትናንትስ የት ነበርሽ ብትላት፣ እዚሁ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንደነበረች፣ አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት እንደሚቀመጡ፣ መስኮቱ መስተዋት ስለሌለው ፀሐዩ ማንንም ሳይመርጥ እንደሚያገኛቸው ነገረቻት። ስታጉረመርም አይደለም፤ እንደ ጨዋታ ነው የነገረቻት። ሴትዮዋ ወደ አቶ ይሄይስ ዞረች። ሰውየው እንደሆነ በአፍ አይታማም፤ እግሩ መሬት ሳይነካ መለሰ። ይህች አዲስ ተማሪያችን ናት አለ። ትምህርት ቤቱ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጎበዝ ልጅ መርጦ በነፃ ያስተምራል፤ እሷ የመጀመሪያዋ ናት፤ ካርዷ ገና ስላልታተመ የጓደኛዋን ነው ያጠለቀች። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ አለ፤ ውሸቱ ከእኔ በቀር በኋላ ወንበር ሰው እንዳይገባው ነው።

መሪጌታ ጎኔን ነካ አድርገው ምን አለ አሉኝ። ተነሣሁ። ለእሳቸው ብቻ መንገር ይበቃ ነበር፤ ድምፄን ግን ለደብር ግቢ እንደሚያውጅ ሰው አደረግሁትና፣ ትምህርት ቤቱ ያምሮት ገብረሰንበትን እስከ መጨረሻው በነፃ ላስተምር ብሏል አልሁ። እስከ መጨረሻው የሚለው የእኔ ነው። ትርጉም ትንሽ ጨው ይፈልጋል። መሪጌታ ብድግ አሉ፣ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ አቶ ይሄይስ ዘርግተው ይመርቁት ጀመር። ደሃ ያስተማረ እጅ አይጠውልግ፣ የሰጠኸው ቃል እንደ አብርሃም ቤት በረከት ያምጣልህ፣ ያጠፈው ግን ዘሩ አይባረክ። ወላጆቹ አሜን አሉ። የመጨረሻዋን ምርቃት ሲሰማ አቶ ይሄይስም ድምፁ ሳይወጣ አሜን አለ። ሴትዮዋ ምን እየተባለ ነው አለችኝ። እየተፈራረሙ ነው አልኋት።

ከዚያ ወደ እኅቴ ጠጋ ብላ የራስሽ ስም ማን ነው አለቻት። ያምሮት ካርዱን በእጇ ሸፍና ስሟን ነገረቻት። በዚያው መሐል ፀሐዩ መጣ። መጀመሪያ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ቀጥሎ ወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ ቀጥሎ የእኅቴ ጉንጭ ላይ። ክፍሉ ሁሉ ዘወር ብሎ አየ፤ የአጎቴ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ስትሸሸው የነበረ ብርሃን ሲገባ ሰው ሁሉ እንደ ታቦት ተቀበለው። ያምሮት ወደ ግራ ዘንበል አላለችም። ሴትዮዋ፣ አሁን አወቅነው አለችና፣ ነገም እንደምትመጣ፣ ይህችን ልጅ ደግማ መስማት እንደምትፈልግ ለአቶ ይሄይስ ነገረችው።

በረፍት ሰዓት ቤተ ሙከራውን አሳዩን። ማይክሮስኮፑ አለ፤ ላስቲኩ ያን ዕለት ጠዋት ነው የተቀደደለት፣ ቁራጩ ጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ያምሮት ዓይኗን ደቅና ብዙ ቆየች። ምን አየሽ ስላት «የራሴን ሽፋሽፍት» አለች፤ «እንደ ጫካ ነው።» ከዚያ ተጎትታ ነው የወጣች።

አጎቴ ቤት ስንደርስ ሌላ ወሬ ጠበቀን። ትሕትና የለችም። ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች መውጣቷን ያየ የለም። እትዬ አምለሰት ስልኩን ይዛ በሳሎኑ ትንጎራደዳለች፤ አጎቴ ከመጋዘን ተጠርቶ መጥቷል፤ እናቴም ሥራዋን ጥላ አብራው መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ቀሚሷ ላይ የበርበሬ ፍሬ ተለጥፎ። አልጋው ላይ የነበረው የያምሮት ሰማያዊ ሹራብም የለም። ይህን ቀድማ ያየች ያምሮት ናት። ጥቂት እንደቆየን የውጭ በሩ ተከፈተና ትሕትና ሹራቡን ለብሳ፣ እጇ ላይ ጠመኔ፣ ጫማዋ አቧራ ጠጥቶ ገባች። የት ነበርሽ ሲሏት ማንን እንደሚጠይቁ ግራ እንደገባው ሰው አየቻቸውና፣ ያምሮት ክፍል ነበርሁ አለች። ወንፈል ነው ስትሉ ሰማሁ፤ ወንፈል ደግሞ ቀኑን በቀን ነው የሚመልሱት፤ ስለዚህ ወንበሯ ላይ ልቀመጥላት ሄድሁ።

እትዬ አምለሰት ሶፋው ላይ ወደቀች፤ ላስቲኩ ጮኸ። ልጅቱ ግን ማውራት ጀምራለች፤ እኔ እንኳ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ዴስኩ ለሦስት ሆኖ እንዴት ክርን ከክርን እንደሚጋጭ፣ መምህሩ ስም ሲጠሩ «ያምሮት» ሲሉ «አቤት» እንዳለች፣ ቀና ብለው እንዳላዩ፣ ያ ሁሉ ልጅ ባለበት ማንም ማንንም እንደማያይ፣ አጠገቧ ያለችው ልጅ ግን አውቃባት የዳቦዋን ግማሽ እንደሰጠቻት። የሂሳብ ጥያቄ ሲቀርብ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ወጥታ ሠራች። «ማንም አላየኝም አባባ፤ ለዚያ ነው የቻልሁት» አለች። አጎቴ ጠመኔውን ከእጇ ላይ ወሰደና በጣቶቹ መካከል ያንከባልለው ጀመር።

ስልኩ ጮኸ። አቶ ይሄይስ ነው፤ አጎቴ ጆሮው ስለሚያስቸግረው በድምፅ ማጉያው ነው የሚያወራ፣ ሁላችንም ሰማን። ነገሩ አምሯል አለ። ሴትዮዋ ረክታለች፤ ነገ ግን ልጅቱ የግድ መገኘት አለባት፣ ካርዷም ታትሞ አንገቷ ላይ መታየት አለበት። አጎቴ ስለ ክፍያው ጠየቀው። በስልኩ ውስጥ ሳል ተሰማ፤ የክፍያው ነገር በመሪጌታ ፊት አልቋል፣ እኔ ልጆች አሉኝ አቶ አለበል፣ እርግማን አልችልም አለ። ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ሙሉ ስም ብቻ ንገሩኝ አለ።

አጎቴ ለመመለስ አልቸኮለም። ነጋዴ ነው፤ ዕቃው በእጁ ላይ እያለ ሁለት ገበያ ያያል። ስልኩን በመዳፉ ከደነና ወደ እናቴ ዞሮ፣ እንዲህ ቢሆንስ አለ፤ ሁለት ስም ያለው ሰው ብርቅ አይደለም፤ የቤት ስም አለ፣ የክርስትና ስም አለ፤ ለሴትዮዋ ያምሮት የቤት ስሟ ነው፣ በመዝገብ ግን ትሕትና ናት ቢባል። ልጅቱ ትማር፤ ማን ከለከላት። ወረቀቱ ብቻ በትሕትና ስም ይውጣ። እትዬ አምለሰት ከሶፋው ላይ ቀና ብላ፣ እውነት ነው፣ እኔንስ በክርስትና ስሜ የሚያውቀኝ ማን አለ አለች። ሁለት ዓመት። እኅቴ ሁለት ዓመት ስታጠና፣ ስትፈተን፣ ባሕር ማዶ የሚታረመው ወረቀት ላይ የሌላ ሰው ስም ስትጽፍ ታየኝ። አፌን ስከፍት እናቴ እጇን አነሣች።

«ጋሼ» አለች፣ «ልጅዎ የልጄን ቀን መልሳለች፤ ወንፈሉ አልቋል፣ ተመስገን። አሁን የሚጠይቁኝ ስም ነው። ስም በወንፈል አይሄድም።» ቀሚሷ ላይ የተለጠፈውን የበርበሬ ፍሬ አንሥታ መዳፏ ላይ ያዘችው። «ነገ ወደ መጋዘኑ አትምጪ ቢሉኝም ያው ነው።»

በስልኩ ውስጥ አቶ ይሄይስ፣ ሃሎ፣ ሃሎ፣ አቶ አለበል ይላል። ያምሮት የአንገት ካርዱን አውልቃ ለትሕትና ዘረጋችላት። ትሕትና ተቀበለችው፤ የራሷን ስም ለአፍታ አየችውና የተጣፈው ሹራብ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ አባቷ ሄዳ መዳፉን በቀስታ ከስልኩ ላይ አነሣችው። ዓይኗን ጨፈነች። ማንም የማያያት ክፍል ውስጥ ያለች መስሎ ታየኝ።

«ያምሮት ገብረሰንበት ብለው ይጻፉ» አለች።

አቶ ይሄይስ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ በበሩ ስትገባና ስትወጣ አይቷታል፤ ድምፅዋን ግን ሰምቶት አያውቅም።

«ማን ልበል?» አለ።

«ትሕትና ነኝ» አለች፣ «የወንበሩ ባለቤት።»